ከመፈረማችሁ በፊት፦ የቤት ኪራይና የቤት ግዢ እንግሊዝኛ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የቤት ናቸው፤ ስለዚህ ይህን እትም ለነሱ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል። ጨርሶ ሰምተነው የማናውቀው ቃል ብዙ አይጎዳንም፣ ቆም ብለን እንጠይቃለን። የሚጎዳን አገር ቤት እያለን የለመድነው ነው፤ ሊዝ፣ ዲፖዚት፣ ኮንዶሚኒየም። እናውቀዋለን ብለን እናልፈዋለን፣ እንፈርማለን፣ ገንዘባችንም እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ «በዲቪ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ሆነን ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ልንከራይ ነው። የሰጡን ወረቀት ሊዝ ይላል፣ ሊዝ የመሬት አልነበር እንዴ? ገጹ ብዙ ነው፣ የቱ ላይ ላተኩር? ዲፖዚቱንስ የመጨረሻ ወር ኪራይ አድርገን መውጣት እንችላለን?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። አገር ቤት ሊዝ ስንል መሬት ከመንግሥት የሚያዝበትን መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊዝ የሚባለው የኪራይ ውሉ ራሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ነው። በስድስተኛው ወር ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተሽ ብትሄጂ የቀሩት ወራት ኪራይ ወይም የውል ማፍረሻ ክፍያ ሊጠየቅብሽ ይችላል። ይህን «ኧርሊ ተርሚኔሽን» የሚለው አንቀጽ ስር ፈልጊው። «ሪኒዋል» የሚለውንም እይው፤ አንዳንዱ ውል ከማለቁ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቅሽ ራሱን ያድሳል። ያ ማሳወቂያ «ኖቲስ» ይባላል። ለአከራዩ በስልክ ነግሬዋለሁ ብለሽ አትተማመኚ፣ በጽሑፍ ላኪና ቅጂውን ያዢ።

ለሦስት ስለምትገቡ ግን ከሁሉም በላይ የምለምንሽ «ጆይንትሊ ኤንድ ሰቨራሊ» የምትለዋን ሐረግ እንድትፈልጊ ነው። የኛ ሕግ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ነው። ኪራዩ 2,700 ዶላር ቢሆንና ያንቺ ድርሻ 900 ቢሆን፣ ሁለቱ ጥለው ከሄዱ አከራዩ ሙሉውን 2,700 ካንቺ ብቻ መጠየቅ ይችላል። እናንተ እርስ በርስ በእኩል እንካፈላለን መባባላችሁ እሱን አያግደውም። ስለዚህ አከራዩ ለየራሳችሁ የተለያየ ውል ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሰጠ፣ ቢያንስ ሦስታችሁ ማን ስንት እንደሚከፍልና አንዱ ቀድሞ ቢወጣ ምን እንደሚሆን በወረቀት ጻፉና ፈርሙ። ጓደኝነታችሁንም የሚያተርፈው ይሄ ነው።

ወደ ዲፖዚቱ ልምጣ። አገር ቤት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል፤ ያ ገንዘብ ግን ኪራይ ነው፣ ከወራቱ ላይ ይታሰባል። «ሴኩሪቲ ዲፖዚት» ኪራይ አይደለም፣ መያዣ ነው። ስለዚህ አከራዩ ካልተስማማ በቀር የመጨረሻውን ወር በሱ አስቤ ልውጣ ማለት አይቻልም፤ ኪራይ እንዳልከፈልሽ ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ውስጥ መያዣው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ዋሽንግተን ዲሲ የአንድ ወር ነው፣ ሜሪላንድም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለአዲስ ውል ወደ አንድ ወር አውርዶታል። ከወጣሽ በኋላ አከራይሽ በ45 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መመለስ፣ ከቆረጠም ለምን እንደቆረጠ በዝርዝር ማሳየት አለበት። «ኖርማል ዌር ኤንድ ቴር» በሚባለው፣ ማለትም ሰው ሲኖርበት በሚመጣ ተራ ማርጀት፣ መቁረጥ አይችልም። የደበዘዘ ቀለም እዚህ ውስጥ ይገባል፣ የተሰበረ በር አይገባም። በገባሽበት ቀን እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሺ፣ ስትወጪ ደግሞ አዲሱን አድራሻሽን በጽሑፍ ስጪ። አድራሻ ያልተውሽለት ሰው ቼኩን የት ይልካል?

ጥያቄ፦ «ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ሊገዛ ነው። ገቢው ብቻውን ስላልበቃ ኮሳይን አድርግልኝ አለኝ። ብፈርም ከሱ ጋር የቤቱ ባለቤት እሆናለሁ? ደግሞ አንዴ ኧርነስት መኒ፣ አንዴ ዳውን ፔይመንት ይለኛል፤ ሁለቱም ቀብድ አይደሉም?»

መልስ፦ አባታችን፣ ከመፈረምዎ በፊት በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ኮሳይን ማድረግ ዋስ መሆን ነው። ዕዳው የርስዎም ይሆናል፤ ልጅዎ ክፍያ ቢያሳልፍ ባንኩ ወደርስዎ ይመጣል፣ የርስዎም ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክዎ፣ ይበላሻል። ባለቤትነት ግን ሌላ ወረቀት ነው። የቤቱ ባለቤት የሚሆኑት ስምዎ «ዲድ» በሚባለው ሰነድ ላይ ሲገባ ብቻ ነው፤ እኛ ካርታ ላይ ስም አለኝ እንደምንለው። የዕዳው ወረቀት ላይ ኖረው ዲዱ ላይ ካልኖሩ፣ ዕዳ አለብዎት ቤት የለዎትም ማለት ነው። ለልጅዎ አይፈርሙ አልልም። ግን የባለቤትነት ሰነዱን የሚያዘጋጀውን ቢሮ «ስሜ ዲዱ ላይ አለ ወይ?» ብለው ፊት ለፊት ይጠይቁ፣ ልጅዎ አጠገብዎ ሆኖ ይስማ።

ቀብድ ያሉት ለኧርነስት መኒ ይቀርባል። በኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አሜሪካ ውስጥ እጥፍ መመለስ የሚባል ልማድ የለም። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ሻጩ እጅ አይገባም፣ «ኤስክሮው» ተብሎ ሦስተኛ ወገን ጋር ይቀመጣል። ልጅዎ ውሉን ቢተው ይመለስለታል ወይስ ይቀራል የሚለውን የሚወስኑት «ኮንቲንጀንሲ» የሚባሉት ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። ብድሩ ካልተፈቀደ፣ ወይም ቤቱ ሲመረመር ትልቅ ጉድለት ከተገኘ እወጣለሁ የሚል ከተጻፈና በቀነ ገደቡ ውስጥ ካሳወቀ ገንዘቡን ይወስዳል። ገዢ ሲበዛ ታዲያ እነዚህን «ዌይቭ» አድርግ፣ ተዋቸው የሚል ምክር ይመጣል። እኔ በተለይ የምርመራውን እንዲተው አልመክርም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ከተገዛ በኋላ ጥገናው የልጅዎ ነው።

ዳውን ፔይመንት ከቤቱ ዋጋ ላይ ራሱ የሚከፍለው ድርሻ ነው። ኤፍኤችኤ በሚባለው፣ የአሜሪካ መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው ብድር፣ የክሬዲት ነጥቡ 580 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ዝቅተኛው 3.5 በመቶ ነው። 400,000 ዶላር ቤት ላይ 14,000 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡን ይዘጋል፤ «ክሎዚንግ ኮስት» የሚባለው የመፈራረሚያው ወጪ ግን ይቀራል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ዋጋ ከ2 እስከ 5 በመቶ ነው። ከመፈራረሙ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን በፊት «ክሎዚንግ ዲስክሎዠር» የሚባል ዝርዝር ለልጅዎ ሊደርሰው ይገባል። ብድሩን ሲጠይቅ ከተሰጠው «ሎን ኤስቲሜት» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው አብራችሁ እዩት፣ የተለወጠ ቁጥር ካለ ለምን በሉ። ኤስክሮው የሚለው ቃል ቤቱ ከተገዛ በኋላም ይመጣል። ያኔ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር እየተሰበሰበ ለቤት ግብርና ለኢንሹራንስ የሚቀመጠው ገንዘብ ነው። እነዚህ ሲጨምሩ የብድሩ ወለድ ባይነካም ወርሃዊው ክፍያ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ «ለንደን ነኝ። ማስታወቂያው 300 ፓውንድ በሳምንት ይላል። ወኪሉ ግን ውሉ ላይ 1,300 ፒሲኤም ብሎ ጻፈ። እያታለለኝ ነው?»

መልስ፦ አላታለለህም ወንድሜ። ፒሲኤም በካላንደር ወር ማለት ነው። ወር አራት ሳምንት ብቻ አይደለም፤ 300 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 1,300 ይመጣል። በአራት ያባዛ ሰው 1,200 ብሎ በጀት ይዞ በየወሩ መቶ ይጎድልበታል። እንግሊዝ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ቤት ዲፖዚቱ ከአምስት ሳምንት ኪራይ፣ ላንተ ከ1,500 ፓውንድ፣ መብለጥ የለበትም። አከራዩም በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ በመንግሥት በተፈቀደ የዲፖዚት ጥበቃ ስር ማስገባት አለበት። የት እንዳስገባው ጠይቀው። ስለ ፎቅ ቁጥርም አትስጋ፣ እዚያ እንደኛው ጂ ፕላስ ነው የሚቆጠረው፤ አሜሪካ ግን ፈርስት ፍሎር የሚሉት ምድር ቤቱን ነው።

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከሐበሻ ቤዝመንት (ከቤቱ ስር ያለውን ክፍል) ልከራይ ነው። ዋን ቤድሩም ፕላስ ዴን ይላል። ዴኑ ውስጥ ልጄን ላስተኛው አስቤ ነው፣ ይሆናል?»

መልስ፦ አይሁን እህቴ፣ መጀመሪያ ሄደሽ እይው። ዴን እንደ መኝታ የማይቆጠር ክፍል ነው፣ ብዙ ጊዜም መስኮት የለውም። ቤዝመንት ውስጥ ያለ ክፍል መኝታ ለመባል እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል፤ «ኢግረስ» የሚሉት እሱን ነው። መስኮቱን በእጅሽ ክፈቺው፣ አንቺና ልጅሽ በሱ መውጣት ትችሉ እንደሆነ ገምቺ። የኛ ሰው ነው ብለሽ ይህን እንዳታልፊ፤ የልጅሽ ሕይወት ነው።

ጥያቄ፦ «ኃላፊዬ እኔንና አንድ ባልደረባዬን "ላይክ ኤ ሀውስ ኦን ፋየር" አለችን። ተጣልታችኋል ማለቷ ነው?»

መልስ፦ ኧረ ተመስገን በል፣ ተግባብታችኋል ማለቷ ነው! እኛ እሳትና ጭድ ስንል ስለማይገናኙ ሰዎች ነው፣ እነሱ ግን ቤት ተቃጠለ ሲሉ ወዳጅነቱ ቶሎ ተቀጣጠለ ለማለት ነው። ካፌ ውስጥ «ኦን ዘ ሀውስ» ካሉህ ቤቱ ጋብዞሃል፣ ሒሳብ የለብህም። «ናቲንግ ቱ ራይት ሆም አባውት» ያን ያህል የሚወራለት አይደለም ነው። «ሀውስ ፑር» የሚለውን ደግሞ በደንብ ያዘው፤ ቤት ያለው፣ ግን ገቢው ለቤቱ ብቻ የሚውል ሰው ነው። ባንክ የፈቀደልህን ያህል ሁሉ መበደር የለብህም።

ጥያቄ፦ «ኮንዶ ገዝቼ ኪራይ ልገላገል ነው። ከሞርጌጁ (ከቤት ብድሩ) ሌላ ምን አለብኝ?»

መልስ፦ የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ክፍያ አለብህ። ኮንዶ ስንል ሃሳባችን ወደ 20/80ና ወደ ዕጣው ይሄዳል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ኮንዶ የባለቤትነት ዓይነት ነው፣ የቅንጦት ሕንፃም ኮንዶ ሊሆን ይችላል። አንተ ክፍልህን ትይዛለህ፤ ጣሪያው፣ ሊፍቱና ኮሪደሩ የጋራ ነው፣ ለሱም በየወሩ ትከፍላለህ። ሞርጌጁን ብትጨርስ እንኳ ይህ አይቆምም። ትልቅ ጥገና መጥቶ የማኅበሩ መጠባበቂያ ካልበቃ «ስፔሻል አሰስመንት» ተብሎ ለየባለቤቱ ይከፋፈላል፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የማኅበሩን በጀት፣ የመጠባበቂያውን ልክና የቅርብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን ጠይቅ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የማኅበሩን ሰነድ ለገዢ መስጠት ግዴታ ነው፤ ከደረሰህ በኋላም ውሉን መሰረዝ የምትችልባቸው ጥቂት ቀናት አሉህ። ሰነዱ የመጣበትን ቀን ጻፍ፣ ማንበቡንም በዚያው ዕለት ጀምር።