ዋሽንግተንን ተዉት፣ ካውንቲያችሁን ያዙ

ሻይ ቡና በተባለበት ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆኗል። «የትምህርት መሥሪያ ቤቱን ሊዘጉት ነው አሉ፤ የልጆቻችን ነገር እንዴት ሊሆን ነው?» ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ሽብር።

የሆነው ይህ ነው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌደራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ወደ መዘጋት እንዲሄድ ትእዛዝ ፈረሙ። ግማሽ የሚጠጋው ሠራተኛም እንዲቀነስ ተወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ ቅነሳው ይቀጥል አለ። ጨርሶ ማፍረስ የሚችለው ግን ኮንግረስ ብቻ ነው። በ1979 ያቋቋመውም እሱ ነዋ። በዚያው ጁላይ ለትምህርት ቤቶች ሊለቀቅ የነበረ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተያዘ። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች፣ ለመምህራን ሥልጠና፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ላለው ፕሮግራም የሚውል ነው። አገር ጮኸ። ስቴቶች ከሰሱ። የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሴናተሮች ሳይቀሩ ደብዳቤ ጻፉ። ወሩ ሳያልቅ ይለቀቅ ተባለ። «እኛ ብንጮህ ማን ይሰማናል?» ለሚላችሁ ሰው ይቺን አስታውሱት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ ዶላር ከፌደራል የሚመጣው በአማካይ አሥር ሳንቲም ገደማ ነው። ቀሪው የስቴትና የካውንቲ ነው፤ በተለይ በየዓመቱ የምንማረርበት የቤት ታክስ። ችግሩ ያቺ አሥር ሳንቲም እኩል አትከፋፈልም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ፣ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ጋ ነው የምትሄደው። በአጭሩ፣ የኛ ልጆች ጋ። ስትጎድል ማን ይቀነስ፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የካውንቲው ወይም የዲስትሪክቱ የትምህርት ቦርድ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ዋሽንግተንን ከመከታተል የሰፈራችሁን ቦርድ ብታውቁት ይሻላል።

በቅድሚያ ተቆጠሩ። ኦገስት ላይ ልጁ ቦርሳ ውስጥ አጣጥፎ የሚያመጣው የምሳ ፎርም አለ፤ አሁን አሁን በኢንተርኔትም ይሞላል። ብዙ ሐበሻ አይሞላውም። «ለልጄ ምሳ አላጣሁም፣ ምን በወጣኝ!» ይላል። ኩራቱ ይገባኛል። ግን ፎርሙ የምሳ ብቻ አይደለም። በብዙ ቦታ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ልጆች ለሚበዙበት ትምህርት ቤት የሚሰጠው፣ «ታይትል ዋን» የሚባለው የፌደራል ገንዘብ ለየትኛው ትምህርት ቤት ስንት ይድረስ የሚባለው በዚህ ቆጠራ ነው። ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራ አባትና ነርሲንግ ሆም የምትሠራ እናት ፎርሙን ካልሞሉ፣ ትምህርት ቤቱ በወረቀት ላይ ሀብታም ይመስላል። ረዳት መምህሯ ትሄዳለች። የሚጠየቀው የቤተሰቡ ቁጥርና ገቢ ነው። የአንድ አዋቂ ሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይጠየቃሉ፤ ከሌለ «የለኝም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ስለ ኢሚግሬሽን የሚጠይቅ መስመር የለውም። ሁሉም ልጅ በነጻ በሚበላበት ትምህርት ቤትም ሌላ የገቢ ፎርም ሊላክላችሁ ይችላል፤ እሱንም ሙሉት። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) የሚያገኙ ልጆች ያለ ፎርም ይቆጠራሉ። በ2025 በወጣው ሕግ ምክንያት ከፉድ ስታምፕ የሚወጣ ቤተሰብ ካለ ግን ልጁ የሚቆጠረው በፎርሙ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የምዝገባ ቀን የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው ይላል። ልጄን ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ ትምህርት) ያስገቡብኛል ብለን «እንግሊዝኛ» ብለን እንጽፋለን። ኢኤስኤል ይግባ አይግባ የሚለየው የእንግሊዝኛ ፈተናው ነው፣ አትስጉ። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ እውነቱን ጻፉ። ኦገስት 2025 ፌደራሉ እነዚህን ልጆች የሚመለከተውን የ2015 መመሪያ ሰርዞታል። ሕጉ ግን አልተሰረዘም። በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ያሸነፉበት ጉዳይ ዛሬም ይሠራል፤ እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ትምህርቱን እንዲከታተል ትምህርት ቤቱ ሊረዳው ይገባል። የ1982ቱም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደዚያው፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅ ከትምህርት ቤት በር አይመለስም።

ቀጥሎ ስብሰባው። የካውንቲው በጀት ብዙ ቦታ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ይመከርበታል፤ ሕዝብም የሚናገርበት ቀን አለው። አንዴ ሄዳችሁ እዩት። የኦርኬስትራ ወላጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ሁለት ረድፍ ሞልተው ይቀመጣሉ። ልጁ ቫዮሊኑን ይዞ ማይኩ ጋ ይቆማል፣ እናቱ ከኋላ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ኦርኬስትራው አይነካም። የእንግሊዝኛ መምህራን ጉዳይ ሲነሳ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ለእድር ስብሰባ ሦስት ሰዓት ተቀምጠን ስለ ጋዜቦ ኪራይ የምንከራከር ሰዎች ነን እኮ! የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለመናገር ዜግነት አይጠይቁም። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ስለ አሜሪካ ፖለቲካ አታውሩ። ልጄ እዚህ ክፍል ነው፣ ይህቺ መምህርት ይህን አድርጋለታለች፣ አትቀንሷት። በቃ።

ስለ ግል ትምህርት ቤትም ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው። ከ2027 ጀምሮ ለስኮላርሺፕ ድርጅት ለሚለግስ ሰው እስከ 1,700 ዶላር ከፌደራል ታክሱ ላይ የሚቀነስለት ሕግ ወጥቷል፤ ስቴታችሁ ከገባበት ነው የሚሠራው። አገር ቤት አቅም ያለው ሁሉ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚያወጣ፣ እዚህም ያው ይመስለናል። የምትፈልጉ ሞክሩት። ኦቲዝም ያለበት ወይም ሌላ ድጋፍ የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ ግን ረጋ በሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት እሱን የመቀበልና የመርዳት ግዴታ አለበት፤ የግሉ እንደዚያ አይገደድም። ልጁን ስታስወጡ አብዛኛውን መብቱን እዚያው ትታችሁት ነው የምትወጡት። ስለ እሱ የሚደረግ ስብሰባ ላይም ታላቅ እህቱን ለማስተርጎም አታስቀምጡ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

የእድርና የማኅበር ኃላፊዎች፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የምታስተባብሩ፣ ኖቬምበር 2026 ብዙ ካውንቲዎች የትምህርት ቦርድ አባል ይመርጣሉ። ዜጋ የሆናችሁ ተመዝገቡ። ተወዳዳሪዎቹን አዳራሻችሁ ጥሯቸው፤ በጥቂት መቶ ድምፅ የሚሸናነፉበት ጊዜ ስላለ ይመጣሉ። ቡናም እንጀራም አቅርቡላቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፦ የፌደራሉ ገንዘብ ቢቋረጥ የእንግሊዝኛ መምህራኑን ደመወዝ ከየት አምጥታችሁ ትከፍላላችሁ?