የህብለ ሰረሰር ጉዳትና ፔፕታይድ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «ሽባን የሚያስነሳ መርፌ» የሚል፣ ህብለ ሰረሰራቸው (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ስለተጎዳ ሰዎችና ስለ ፔፕታይድ የሚያወራ ቪዲዮ ከከዚራ እስከ መጋላ ስልክ ለስልክ ሲዞር ሰነበተ። ድሬዳዋ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሙቀቱ በረድ ሲል የደረሱኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፔፕታይድ ምንድን ነው? ኪኒን አለው?

አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክተው ይሠሩታል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን 51 ዶቃ አለው። ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ በመርፌ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እጄን ቢላ ቆርጦኝ ነርቩ ተሰፋ፤ ከወራት በኋላ ጣቴ ስሜቱ ተመለሰ። ህብለ ሰረሰር ለምን እንዲህ አይድንም?

ግሩም ጥያቄ ነው። የእጅ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ መንገዱን ይፈልጋል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ግን ጉዳቱ ቦታ ላይ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳውም ኮንድሮይቲን ሰልፌት ፕሮቲዮግላይካን በሚባሉ ሞለኪውሎች የተሞላ ነው። ሊያድግ የሞከረው የነርቭ ጫፍ ማር ላይ እንዳረፈ ዝንብ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። በ2014 የአሜሪካው ተመራማሪ ጄሪ ሲልቨርና ባልደረቦቹ ይህን የማጣበቅ ምልክት የሚያከሽፍ ፔፕታይድ ሠርተው ጉዳት የደረሰባቸውን አይጦች ለሰባት ሳምንታት በየቀኑ ከቆዳ ሥር ወጓቸው። ከ26ቱ 21ዱ መራመድ፣ ሚዛን መጠበቅ ወይም ሽንት መቆጣጠር በተወሰነ ደረጃ ተመለሰላቸው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እግር ነው። እኔን ግን ያስደሰተኝ የሽንቱ ነገር ነው፤ ታማሚዎቼን ከቤት የሚያስቀራቸው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ቪዲዮው ላይ ያሉት «ደናሽ ሞለኪውሎች» ታዲያ ውሸት ናቸው?

ውሸት አይደሉም። በ2021 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ሳሙኤል ስተፕ ቡድን ያወጣው ጥናት ነው። ከፔፕታይድ የተሠራው ፈሳሽ ሲወጋ ወደ ቀጫጭን ክሮች ይለወጣል፤ ክሮቹ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ስለሚንቀሳቀሱ ከሴሎቹ ጋር በቀላሉ ይገናኛሉ። አይጦቹ በአራት ሳምንት ውስጥ ተራመዱ። ነገር ግን የተወጉት በተጎዱ ማግስት ነበር፤ ቪዲዮው ይህን አልተናገረም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ደንገጎ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሦስት ዓመት ሆነው። በቴሌግራም ፔፕታይድ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ገንዘቡን ልላክ?

አትላኪ፣ እህቴ። ለዚህ ጉዳት ነርቭን መልሶ እንዲያበቅል ተፈቅዶ ገበያ የዋለ ፔፕታይድ የለም። ከሲልቨር ሥራ የተወለደው መድኃኒት ቺካጎ ውስጥ አንገታቸው ላይ ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ፣ ጉዳታቸው ዓመት ያለፈው ጭምር ተካተው ተሞክሯል። እዚያ የገቡት መድኃኒቱን ገዝተው አይደለም።

በገንዘቡ ከመተኛት ብዛት ቆዳው እንዳይቆስል ጥሩ ፍራሽ ግዢለት። ሳቢያን አካባቢ የማውቃቸው አንዲት እናት በየማለዳው የልጃቸውን ተረከዝና መቀመጫ በእጅ መስታወት ያያሉ። ቀላ ያለ ነገር ካዩ ያን ቀን በዚያ ጎን አይተኛም። አንሶላው ሥር የነበረውን ላስቲክ ካነሱት ቆይተዋል፤ በድሬ ሙቀት ቆዳን የሚያበሰብስ እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ አደጋው ቦታ ላይ ብደርስ ምን ላድርግ?

ተጎጂውን ባጃጅ ውስጥ አጣጥፋችሁ አትክተቱት። እጅና እግሩንም ይዛችሁ አታንጠልጥሉት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ አምቡላንስ ካልተገኘ ሌሎቻችሁ ሰውነቱን ሳታጣምሙ በአንድ ላይ ሰፊ ጣውላ ላይ አሳርፉት። ጣውላ ከጠፋ የአንዱን ቤት በር ንቀሉ።