ብሩን ለጊዜው ተዉትና ስክሪፕቱን አንብቡ

ሰሞኑን ከእናንተ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ሆኗል። «ጋሼ፣ ፊልም ፕሮዲዩስ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ብሩን ከየት ላምጣ?» ብር ማግኘት ከባድ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ጥያቄው ከመጨረሻው ነው የጀመረው። ስለዚህ ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ። ዳሪል ዛኑክ ይባላል፤ ከ1935 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ በሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ የፊልም ሥራውን የመራ አሜሪካዊ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሰውየው ነብራስካ ውስጥ ዋሁ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1902 ተወለደ። ዕድሜውን ዋሽቶ ወታደር ሆነ፣ ሲመለስ ደራሲ ልሁን አለ። በ1923 የመጀመሪያ መጽሐፉን ያሳተመለት የፀጉር ቅባት ሻጭ ነው። በምላሹ ከታሪኮቹ አንዱ ያንኑ ቅባት የሚያወድስ ሆነ። ያስቃል አይደል? ግን ገና ሃያዎቹን የጀመረ ልጅ በራሱ ብልሃት ስፖንሰር አገኘ፣ ከዚያም የታተመ ደራሲ ነኝ ብሎ የስቱዲዮ በር አንኳኳ።

ዋርነር ብራዘርስ የሚባለው ስቱዲዮ ገብቶ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? ለውሻ! ሪን ቲን ቲን የሚባል፣ ከብዙ ሰው ተዋናይ የበለጠ ገበያ የነበረው ውሻ። ውሻ አይናገርም፣ ፊልሙም ድምፅ አልባ ነው፣ ስለዚህ ታሪኩ በድርጊት ካልሄደ አለቀለት። ዛሬ ከሚላኩልኝ ስክሪፕቶች ስንቱ ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ብቻ ነው፤ ሳነባቸው ያ ውሻ ትዝ ይለኛል።

ቶሎ ቶሎ ይጽፍ ስለነበር በብዕር ስሞችም ይሠራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የስቱዲዮው የፕሮዳክሽን ኃላፊ ሆነ።

እኔ ሰውየውን የወደድኩት 1933 ላይ ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ባንኮች ተዘጉ፣ ስቱዲዮዎቹም ለስምንት ሳምንት የሠራተኛውን ደሞዝ እስከ ግማሽ ቆረጡ። ዛኑክ ለሠራተኞቹ ደሞዛችሁ በተባለው ቀን ይመለሳል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ከስቱዲዮው ባለቤቶች አንዱ ሃሪ ዋርነር እምቢ አለ። ዛኑክ ለቀቀ። በሳምንት 5000 ዶላር የሚያስገኝ ሥራ፣ አሜሪካኖች ለዳቦ በተሰለፉበት ዘመን! እርግጥ በዋርነሮች ቤት ከዚያ በላይ ከፍ የሚልበት ቦታ አልነበረውም፣ መልአክ አላደርገውም። በዚያው ዓመት ጆሴፍ ሼንክ ከሚባል የፊልም ሰው ጋር ትዌንቲዝ ሴንቸሪ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ፣ በ1935 ከፎክስ ጋር ተዋሃዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሰው ምን ሲሠራ ይውል ነበር? ስክሪፕቱን አስቀድሞ አንብቦ ስብሰባ ይገባል። ከዚያ ሲጋሩን አፉ ላይ አድርጎ፣ እጀታው አጠር ተደርጎ የተቆረጠ የፖሎ መምቻ እያወዛወዘ፣ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ትዕይንቱን ራሱ እየተወነ ይናገራል። ይሄ ሰው እዚህ ጋ ለምን ይሄዳል? ይቺ ሴት ይህን ቀድማ ካወቀች ለምን ዝም አለች? ጸሐፊዋ ሁሉንም ትመዘግባለች፤ ማስታወሻው ተታይፖ ለደራሲው ይደርሰዋል። ማታ ደግሞ የቀኑን ቀረጻ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ። እኛ ጋ ፕሮዲዩሰሩ ብሩን ይሰጥና ቀጥሎ የምናየው ቀይ ምንጣፍ ላይ ነው።

በ1940 የወጣውን «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ»ን እንውሰድ። የጆን ስታይንቤክ ልብ ወለድ ነው፤ ከመሬታቸው ተፈናቅለው ካሊፎርኒያ ሥራ ፍለጋ ስለሄዱ ገበሬዎች። ብዙዎች ደራሲው አጋኗል ይሉ ነበር። ዛኑክ ሰው ልኮ የስደተኞቹን ካምፖች አስጠና። የመጣለት መልስ እውነታው ከመጽሐፉ የባሰ ነው የሚል ነበር፣ ስለዚህ ፊልሙን ሲሠራ ልቡ አልተጠራጠረም። ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ በዚያ ፊልም ኦስካር ወሰደ። ፊልሙ በእናትየዋ ንግግር እንዲዘጋ ያደረገው ግን ዛኑክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። የፎርድን የ1946 «ማይ ዳርሊንግ ክሌመንታይን» ወስዶ አሳጠረው፣ አንዳንድ ትዕይንቶችንም በሌላ ዳይሬክተር አስቀረጸ። ሰው እስካሁን ይከራከርበታል። እኔ ከፎርድ ጋር ነኝ።

ለማንኛውም፣ ዳይሬክተራችሁ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ሲጨነቅ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ይዞ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እናንተ ካልሆናችሁ ማን ይሆናል?

ከዛኑክ የማትወስዱት ነገር ደግሞ አለ። ሥልጣኑን ተጠቅሞ በወጣት ሴት ተዋናዮች ላይ ያደርስ የነበረው በደል በሰፊው ተጽፎበታል። ዘመኑ እንዲያ ነበር የሚለውን ማስተባበያ እኔ አልቀበልም። እኛም ጋ ፕሮዲዩሰር ነኝ ብሎ ሴት ልጅ በማታ ለኦዲሽን የሚጠራ አይጠፋም። ኦዲሽን በቀን ነው፣ በቢሮ ነው፣ ሌላ ሰው ባለበት ነው። በቃ።

በ1956 ከስቱዲዮው ወጥቶ አውሮፓ ገባ፣ የራሱን ፊልም ልሥራ ብሎ። ጥቂቶቹ አልሆኑለትም። በ1962 ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተካሄደው የኖርማንዲ ውጊያ የሠራው «ዘ ሎንገስት ዴይ» ተሳካ። በዚያው ሰሞን ፎክስ «ክሊዮፓትራ»ን እየሠራ ደሙ ይፈስ ነበር፤ ወጪው ከ30 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ዛኑክ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመለሰና ልጁን ሪቻርድን የፕሮዳክሽን ኃላፊ አደረገው። በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ወጥቶ ካዝናው ሞላ።

ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ያንኑ ለመድገም ሞከሩ። ትልልቅ፣ ውድ ሙዚቃዊ ፊልሞች ተደረደሩ። «ዶክተር ዱሊትል» በ1967፣ «ስታር» በ1968፣ «ሄሎ ዶሊ» በ1969። ወጪያቸውን አልመለሱም። አንድ ፊልም ስለሰራላችሁ የእሱን መንታ ለመውለድ የምትሯሯጡ፣ ይቺን ደግማችሁ አንብቧት። በ1970 መጨረሻ አባት ልጁን ከሥልጣን አነሳው፣ በዓመቱ አባትም ራሱ ወንበሩን አጣ።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ፎክስ ውስጥ አብሮት ይሠራ ከነበረው ከዴቪድ ብራውን ጋር የራሳቸውን ኩባንያ ከፈቱ። ስለ ሻርክ የሚያወራ አንድ ልብ ወለድ ገና ሳይታተም አንብበው መብቱን ገዙ፣ ዳይሬክት እንዲያደርገው የሰጡትም ስቲቨን ስፒልበርግ ለሚባል ወጣት ነው። በ1975 «ጆውስ» ሆኖ ወጣ።