ከዘፈኑና ከልብሱ ወዲያ ያለው ባህል

ይድረስ ለጎጃም ወጣቶች፣

የጤና ባለሙያ ሆኜ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በአገው ምድርና በመተከል አገልግዬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በየትምህርት ቤቱ የባህል ቀን ሲከበር የምትነሷቸውን ፎቶግራፎች አያለሁ። አለባበሳችሁ ያምራል፤ እስክስታችሁም ልብ ያሞቃል። ሆኖም ባህል ይኸው ብቻ መስሏችሁ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ልብሱ ማምሻውን ይወልቃል፤ ባህል ግን አብሮን ውሎ አብሮን ያድራል።

የማቻከል ገበሬ ወገቡን ይዞ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ጤና ጣቢያ ይገባል። «እንዴት ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ የልጆቹንና የከብቶቹን ደኅንነት ይነግራችኋል። በሦስተኛው ነው «ትንሽ ወገቤን ይዞኛል» የሚለው፤ ያ «ትንሽ» ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠው ያደረ የኩላሊት ጠጠር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን መልስ ብቻ የጻፈ ሐኪም ሰውየውን ከነሕመሙ ይመልሰዋል። አማቷ አጠገቧ የተቀመጠች ምራትም ስለ ማሕፀኗ አንድ ቃል አትተነፍስም። አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ስታይ ከሩቅ የመጣ ሰው የምትደብቀው ነገር ያላት ይመስለዋል፤ እሷ ግን ባደገችበት ጨዋነት ታላቋን እያከበረች ነው።

ሕመምን እንዴት እንደምንናገር፣ ማንን ቀድመን እንደምንሳለም፣ ከማን ጋር እንደማንበላ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሲያጠፋ ማን የመቆጣት መብት እንዳለው፣ ሙታችንን እንዴት እንደምናለቅስ፣ ምን እንደሚያሳፍረን፣ ባህል የምለው ይህን ሁሉ ነው። አብዛኛውን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም፤ ስለዚህም ሌላው ሰው እንደኛ ሳያደርግ ሲቀር ያልተማረ ወይም ባለጌ ይመስለናል።

የእኛ ብቻ የምንለው እንኳ እንግዳ አለበት። ያለ በርበሬ ወጥ አይታሰበንም፤ ነገር ግን በርበሬም ሆነ በቆሎ መነሻቸው አሜሪካ ነው፤ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የነበሩ አያቶቻችን አያውቋቸውም ነበር። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከሰል እያከሰለ ኑሮውን የሚደጉምበት ዲከረንስም ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው።

ጎጃም ራሱ ብዙ መልክ አለው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሄዳችሁ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ሲዘክር ተመልከቱ። ፈረሰኞቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት አውንጊ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው። ጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ደግሞ ጉማሬ ይበሉ ስለነበር ጎረቤት ሲሸሻቸው ኖሯል። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው፤ ይህን ሳስብ አዝናለሁ።

አባቶቻችን ልዩነትን ማስተናገድ ያውቁበት እንደነበር ማየት የሚሻ ሰው ሠርግ ቤት ይሂድ። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብት ለይቶ ይሰጣል፤ እነሱው ባርከው ያርዳሉ፤ እነሱው ያበስላሉ፤ ዳሱም ዕቃውም የተለየ ነው። ሙስሊሙም ሲድር ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። «ምን አለበት፣ ከዚህም ቅመስ» ብሎ የሚያስቸግር የለም። ሙሽሮቹን ሲመርቁ ግን ሁሉም በአንድ ላይ «አሜን» ይላሉ። ከዚህ የበለጠ የመቻቻል ትምህርት እኔ በሥልጠና አዳራሽ አላገኘሁም።

ለሃይማኖት ያሳየነውን ይህን ክብር ለእጅ ባለሙያ መንፈጋችን ያንገበግበኛል። ማረሻውን የቀጠቀጠልን፣ ጋቢውን የሸመነልን፣ ምጣዱንና ጀበናውን የሠራችልን የገዛ መንደራችን ሰዎች ናቸው። «ቡዳ» እያልን አገለልናቸው፤ ልጅ ከለከልናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ዛሬም በየቤቱ ይሰማል። ሕፃኑ በወባ እየነደደ እናት «ቡዳ በልቶታል» ተብላ ቀን ስታሳልፍ አይቻለሁ። ልጁ መድኃኒት ሳያገኝ ይውላል፤ ጎረቤት ያለችው ሸክላ ሠሪ ደግሞ በሌለችበት ትወነጀላለች። እናንተ ቤት ይህ ቃል ሲነሳ ዝም አትበሉ፤ ለአያቶቻችሁም ቢሆን በአክብሮት ንገሯቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመተከል ስንት የንጹሕ ሰው ደም እንደፈሰሰ ታውቃላችሁ። እዚያ ስሠራ ስለ ጉሙዝ ሕዝብ ከሰዎች የምሰማው ወሬና ቀርቤ ያየሁት አይገናኙም ነበር። እህትን ሰጥቶ ሚስት የማግኘት ልማዳቸውን ብዙዎች እንደ ጉድ ያወሩታል። ቀርቦ የጠየቀ ግን ሐሳቡን ያገኘዋል፤ በቤቱ እርሻ ላይ የሴቷ ጉልበት ትልቅ ስለሆነ ሴት ልጅ ስትሄድ በምትኳ ሌላ ትመጣለች፤ ሁለቱም ቤት አይጎድልም። ምክንያቱን ተረዳሁ ማለት ልጅቷ ሳትጠየቅ ትሰጥ ማለት አይደለም። ነገር ግን ጣት የሚቀስር የጎጃም ሰው የራሱን ቤት ያስብ። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ቀናት በፈጀ ምጥ ሕፃኗን አጥታ፣ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት፣ ከሰው ተለይታ ስትመጣ ተቀብያለሁ። ይህም «ባህላችን ነው» ይባል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የዛሬው የቤተሰብ ሕግ 18 ይላል። እኛ ከልማዳችን የሚጎዳውን መተው ከቻልን ጉሙዙም በራሱ ሽማግሌዎችና በራሱ ልጆች ይችላል፤ በስድብ ግን ማንም አይለወጥም።

ብዙዎቻችሁ ለትምህርት ወደ ጅማ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጅግጅጋ ትመደባላችሁ። በሄዳችሁበት መጀመሪያ የአገሬውን ሰላምታ በራሱ ቋንቋ ተማሩ። የማይበሉትን እወቁ፤ በሚበሉት ላይ አትቀልዱ። ለቅሶ ቤት ሲገባ ምን እንደሚባል፣ ወንድና ሴት የት የት እንደሚቀመጡ፣ ምን ተይዞ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የጓደኛ አባት ሲሞት ለመጠየቅ ጊዜ አይኖራችሁም። ስትጠይቁም ቤት ያከራዩአችሁን እናት ወይም የሠፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ፤ እኩዮቻችሁ ብዙ ጊዜ ያደርጉታል እንጂ ምክንያቱን አያውቁትም።