«ወሰን» ወይስ «ድንበር»? የኪርጊዞችና የታጂኮች መስመር

ጥያቄ፦ «ስለ ኪርጊዝስታንና ታጂኪስታን ዜና ስሰማ አንዱ ጣቢያ ‹የወሰን ውዝግብ› ይላል፤ ሌላው ‹የድንበር ግጭት›። ሦስተኛው ደግሞ ‹ድንበሩ ተካለለ› አለ። ልጄ ልዩነቱን ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ትክክሉ የቱ ነው?»

መልስ፦ ሦስቱንም ስህተት አልላቸውም። ነገር ግን የሚናገሩት ነገር የተለያየ ነው።

ብዙ ሰው «ወሰን ለክልል፣ ድንበር ለአገር» ይላል። ይህ በቅርብ ጊዜ በዜና የጠነከረ ልማድ ነው እንጂ የቋንቋው ሕግ አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 2 ርዕስ «የኢትዮጵያ የግዛት ወሰን» ነው። እዚህ ላይ ወሰን ለአገር ገባ። ገበሬው ደግሞ ጎረቤቱን «ድንበሬን ገፋ» ብሎ ይከሳል። እዚያ ላይ ድንበር በሁለት ማሳ መካከል ያለች ጠባብ መሬት ናት።

ልዩነቱ ያለው ቃሎቹ በያዙት ስሜት ላይ ነው። ወሰን «ወሰነ» ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው፤ ውሳኔም ከዚያው ነው። ስለዚህ ወሰን ሲባል ከኋላው አንድ የወሰነ አካል አለ። ድንበር ግን የሚጠበቅ፣ የሚገፋ፣ የሚጣሉበት ነው። «ድንበር ጠባቂ» እንላለን፤ «ወሰን ጠባቂ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

የእነዚህ ሁለት የመካከለኛው እስያ ጎረቤት አገሮች ታሪክ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው ያለው። በሶቪየት ዘመን መስመሩ በአንድ መንግሥት ውስጥ ያለ የአስተዳደር ወሰን ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተሰመረ፤ ከዚያም ደጋግሞ ተነካካ። እረኛው ከብቱን ይዞ ሲሻገር ፓስፖርት የሚጠይቀው አልነበረም። ኪርጊዝስታን ኦገስት 31፣ ታጂኪስታን ሴፕቴምበር 9 ቀን 1991 ነፃነታቸውን አወጁ። ወሰን የነበረው ድንበር ሆኖ አደረ።

አዲስ አገር ባንዲራ፣ ገንዘብና የታሪክ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ካርታም ያስፈልገዋል። ችግሩ የመጣው ከካርታው ነው። ታጂኮች የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን ካርታ ይዘው ተከራከሩ፤ ኪርጊዞች ደግሞ የ1950ዎቹን። ሁለቱም በእጃቸው የሶቪየት ሰነድ አለ። መስመሩ 970 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ለረጅም ዓመታት ስምምነት ሳይገኝለት ቆየ። ቮሩክ የሚባለው የታጂኪስታን ቀበሌ ደግሞ ዙሪያውን በኪርጊዝ መሬት የተከበበ ነው። ነዋሪው ወደ ቀሪው አገሩ ለመሄድ የሌላ አገር መሬት ማቋረጥ አለበት።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ጠቡ የተነሳበት ነገር ነው። በኤፕሪል 2021 ግጭቱ የጀመረው በአንድ የውሃ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ካሜራ ተተከለ በሚል ነው። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በሴፕቴምበር 2022 ዳግም ሲፈነዳ ከ100 በላይ ሞቱ፤ በኪርጊዝ በኩል ብቻ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ውሃ፣ ግጦሽ፣ መንገድ። የኛ ገበሬ «ድንበሬን ገፋ» ሲል የሚያወራው ስለዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ ግጭቱ ሲወራ «ድንበር» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ስለ ሶቪየት ዘመኑ መስመር ሲወራ ደግሞ «ወሰን»።

«ተካለለ» ላይ ግን ጠንከር ልበል። የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች፣ የኪርጊዝስታኑ ጃፓሮቭና የታጂኪስታኑ ራህሞን፣ ማርች 13 ቀን 2025 በኪርጊዝስታን ዋና ከተማ በቢሽኬክ የድንበር ስምምነት ፈረሙ። በዚያ ቀን የሆነው መስመሩ በወረቀት መወሰኑ ነው። ማካለል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፦ ቀያሽ ሜዳ ይወጣል፣ ምልክት ይተከላል፣ የማን ቤት ወዴት እንደወደቀ ይታያል። የኛ ሰው ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በኤፕሪል 2002 ውሳኔውን ሰጠ፤ መሬት ላይ ማካለሉ ግን ሳይሆን ቀረ። «ተወሰነ» እና «ተካለለ» መካከል ስንት ዓመት ሊያልፍ እንደሚችል ያኔ አይተናል።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፦ «ሁለቱ አገሮች በድንበር ተጣልተው ነበር፤ በ2025 መስመሩን ተስማምተው ወሰኑ፤ ማካለል የሚባለው ምልክቱን መሬት ላይ መትከሉ ነው።»