ሶፋው ከግድግዳው ሳይላቀቅ ኢኳላይዘር አትግዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በሚገኘው ቤትህ 5 ሜትር በ4 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ 5.1 የቤት ሲኒማ (አምስት ስፒከርና ለወፍራሙ ድምፅ አንድ ሰብዉፈር) ዘርግተሃል። ያገለገለ የዴኖን ሪሲቨር (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ገዝተህ፣ በማይክሮፎኑ አማካይነት ራሱን እንዲያስተካክል አድርገሃል። ያም ሆኖ ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ወፍራሙ ድምፅ ይጎርፋል፣ የተዋናዮቹ ንግግር ግን አይለይልህም። ባለሱቁ ደግሞ አሥር መንሸራተቻ ያለው ኢኳላይዘር (ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ጨምርበት ብሎሃል፤ ልግዛው ወይ ነው የምትለው። አትግዛው። ችግርህ በከፊል በኢኳላይዘር የሚፈታ ነው፣ ነገር ግን በዚያ ዓይነቱ አይደለም፤ ደግሞም ኢኳላይዘር የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

በላክኸው ፎቶ ላይ ቴሌቪዥኑ በአንዱ ረጅም ግድግዳ፣ ሶፋው ደግሞ ትይዩ ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሰብዉፈሩም ጥግ ውስጥ ተወትፏል። የአብዛኞቻችን ሳሎን እንዲሁ ነው። መቀመጫው ግድግዳውን ተከትሎ ይደረደራል፣ መሐሉ ለቡናና ለእንግዳ ይተዋል። ለጨዋታ የሚመች አቀማመጥ ነው፤ ለወፍራም ድምፅ ግን ከዚህ የባሰ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአየሩ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ ወደ 349 ሜትር ይጓዛል። ይህን በሁለት ግድግዳዎች መካከል ላለው ርቀት እጥፍ ስታካፍለው፣ ክፍሉ በራሱ የሚያገንነውን የመጀመሪያ ድምፅ ታገኛለህ። ከቴሌቪዥኑ እስከ ሶፋው 4 ሜትር ነው፤ 349 ለ8 ሲካፈል 44 ኸርዝ (በሰከንድ 44 ንዝረት) ገደማ ይሆናል፣ እጥፉ ደግሞ 87። በጎን በኩል 5 ሜትር ስለሆነ 35 ኸርዝ ይመጣል። እነዚህ ሞገዶች ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሱ በራሳቸው ላይ ይደራረባሉ። የመጀመሪያው ሞገድ ግፊት ግድግዳው አጠገብ ይበረታል፣ በሁለቱ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተህ ስትቀመጥ 44ም 87ም በሙሉ ኃይላቸው ያገኙሃል። ከጎን ወደ ጎን ሲታይ ደግሞ ልክ መሐል ላይ ስለሆንክ የ35 ኸርዙ ድምፅ ጆሮህ ጋ ይጠፋል። ሁለት ጉብታ (ድምፁ የሚገንንበት)፣ አንድ ጉድጓድ (ድምፁ የሚጠፋበት)፣ ሁሉም በአንድ ወንበር ላይ። ንግግሩን የሚሸፍነው በተለይ በ87 አካባቢ ያለው ጉብታ ነው፤ የጎርናና ወንድ ድምፅ መሠረት እዚያው ሰፈር ይጀምራልና።

(የድሬዳዋ ሙቀት ስሌቱን ያዛባል ብለህ አትጨነቅ። በ20 እና በ30 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት በእነዚህ ድምፆች ላይ ሁለት ኸርዝ እንኳ አይሞላም። የሚያስቸግረን ሙቀቱን ሽሽት የምንከፍተው መስኮትና የምናበራው ቬንትሌተር ነው፤ እመለስበታለሁ።)

ስለዚህ መጀመሪያ ሶፋውን ሳብ። 80 ሳንቲሜትር ያህል ወደፊት ስታመጣው የ87ቱ ጉብታ በግልጽ ይወርዳል። የ44ቱ ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ እሱን ለኢኳላይዘሩ እናቆየዋለን። የአንተን መቀመጫ ደግሞ ከትክክለኛው መሐል ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎን አድርገው፤ የ35ቱ ድምፅ መመለስ ይጀምራል። ሶፋው ሁልጊዜ እዚያ ይቁም አላልኩህም። ፊልም በምታይበት ምሽት ብቻ ይሳብ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ቦታው ይመለስ።

ቀጥሎ ሰብዉፈሩ። ከሶፋው ላይ ትራስ አንሣና ሰብዉፈሩን አንተ በምትቀመጥበት ቦታ አስቀምጠው። ወፍራም ድምፅ ያለማቋረጥ የሚወርድበት ዘፈን ክፈትና፣ ሰብዉፈሩን ልታኖርባቸው በምትችላቸው ቦታዎች ሁሉ ዝቅ ብለህ አዳምጥ። ድምፁ እኩል፣ ሳይጎርፍም ሳይጠፋም የሚሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ይህን ዘዴ ለመሣሪያ ከሚወጣ ብዙ ገንዘብ በላይ አምነዋለሁ።

በዚህ ነገር የጸና እምነት ያሳደረብኝ ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው የወዳጄ ቤት ነው። የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት መቀመጫው ከግንቡ ጋር የተሠራ መደብ ስለሆነ የትም አይሳብም። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነውና ወፍራሙን ድምፅ አያሳልፍም፣ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በሌላ በኩል መደቡ ላይ ያለው ምንጣፍና ትራስ ቀጭኑን ድምፅ ያረጋጋዋል፤ ንግግር እዚያ ቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። እዚያ የቀረን አማራጭ ሰብዉፈሩን ማዘዋወር ብቻ ነበር፤ ቦታውን ሲያገኝ ግማሹ ችግር ያለ አንዳች ማጣሪያ ተወገደ። የአንተ ሳሎን ተቃራኒው ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት። ስለዚህ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ፣ መስኮቱ ላይ ከበድ ያለ መጋረጃ ስቀል። የኮርኒሱ ችፑድ ቢንቀጠቀጥ ሚስማሩን አጥብቀው፤ የሚንቀጠቀጥ ኮርኒስን ምንም ኢኳላይዘር ዝም አያሰኘውም። የመሐለኛውን ስፒከር ደግሞ ከመደርደሪያው ሆድ አውጥተህ እስከ ጠርዙ አምጣው፣ ፊቱንም ወደ ጆሮህ ቀና አድርገው። ንግግሩ የሚወጣው በአብዛኛው ከእሱ ነው፤ አሁን ሣጥን ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራህ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሪሲቨሩን ራስ-ሰር ማስተካከያ፣ አውዲሲን፣ እንደ አዲስ አስጀምረው። ማይክሮፎኑ የሪሲቨሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጥ፤ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ሌላ ማይክሮፎን ተጨምሮበት ይመጣል፣ ስሌቱ ደግሞ ለራሱ ማይክሮፎን የተዘጋጀ ነው። በእጅህ አትያዘው፣ የሶፋው መደገፊያ ላይም አታስቀምጠው። በካሜራ ማቆሚያ ላይ፣ በጆሮህ ከፍታ፣ አፉን ወደ ጣሪያው አድርገህ አቁመው። የመጀመሪያው ነጥብ የግድ ዋናው መቀመጫ ይሁን፤ ሪሲቨሩ ርቀትንና የድምፅ መጠንን የሚወስነው ከዚያ ነው። የቀሩትን ነጥቦች፣ እንደ ሞዴሉ በጠቅላላው እስከ 6 ወይም 8 ድረስ፣ በዚያው ዙሪያ ከግማሽ ሜትር ብዙ ሳትርቅ ውሰዳቸው። ቬንትሌተሩንና ፍሪጁን አጥፋ። ባጃጁ ጋብ የሚልበትን፣ አዛንም ቅዳሴም የማይሰማበትን ሰዓት ምረጥ። መስኮቱንና በሩን ግን ፊልም ስታይ እንደምታደርጋቸው ተዋቸው። ወፍራም ድምፅ በተከፈተ መስኮት ይወጣል፤ ዘግተህ ለክተህ ከፍተህ ብታዳምጥ የተስተካከለው ክፍልና የምታዳምጥበት ክፍል የተለያዩ ናቸው።

ልኬቱ ሲያልቅ ሪሲቨሩ የወሰነውን ሁሉ እንዳለ አትቀበል። የፊት ስፒከሮችህን ትልቅ ብሎ መዝግቧቸው ከሆነ ወደ ትንሽ ቀይራቸውና ክሮስኦቨሩን (ወፍራሙ ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ የሚተላለፍበትን ድንበር) 80 ኸርዝ ላይ አድርገው። የሰብዉፈሩን ርቀት በሜትር ከለካኸው አብልጦ ቢያሳይህ አትንካው፤ ሰብዉፈሩ ውስጥ ያለውን መዘግየት ጨምሮ ነው የቆጠረው። የሰብዉፈሩ መጠን እስከ ዝቅተኛው ወለል ወርዶ ካገኘኸው ግን የሰብዉፈሩን ቁልፍ ራሱን ቀንሰህ ልኬቱን ድገመው። ንግግሩ አሁንም ደከም ካለብህ የመሐለኛውን ስፒከር በ2 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ አድርገው፣ ይበቃዋል። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና የእያንዳንዱን ገጽ ቅንብር በስልክህ ፎቶ አንሣው።

አሁን ወደ ባለሱቁ ኢኳላይዘር። አሥሩ መንሸራተቻዎች በ31፣ በ63፣ በ125 እያሉ በእጥፍ ይራመዳሉ። የአንተ ጉብታ 44 ላይ፣ ልክ በሁለቱ መካከል ነው። 63ቱን ብትቀንስ ጤነኛውን ድምፅ ትጎዳለህ፤ 31ዱን ብትቀንስ ቀድሞም የጎደለህን 35 ታባብሰዋለህ። የሚያስፈልግህ ድምፁን፣ መጠኑንና የማጣሪያውን ስፋት ለየብቻ የምትመርጥበት ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ነው። እንደ ሚኒዲኤስፒ ያለ ትንሽ ሣጥን በሪሲቨሩ የሰብዉፈር መውጫና በሰብዉፈሩ መካከል ይገባል። ለመለኪያ ዩሚክ-1 የሚባለው የዩኤስቢ ማይክሮፎንና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቁሃል። ለምሳሌ በ44 ኸርዝ ላይ 8 ዴሲቤል የሚያህል ጉብታ ካየህ፣ በዚያው ላይ ጠባብ ማጣሪያ አድርገህ 6 ወይም 7 ዴሲቤል ቀንስለት። ጉብታው ሲወርድ ያ የሚጎተተው፣ ድምፁ ካለፈ በኋላም የሚቆየው ጉርምርምታ አብሮ ያጥራል፤ በጆሮህ ወዲያው የምታውቀው ለውጥ ይህ ነው።

ጉድጓዱን ግን በፍጹም ልሙላ አትበል። ድምፁ እዚያ ቦታ የጠፋው አንዱ ሞገድ ሌላውን ስለሚሽረው ነው፤ ብትጨምርበት የሚሻረውም የሚሽረውም እኩል ያድጋሉ። 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት ማጉያውን አሥር እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው፤ ሰብዉፈሩ ይጮኻል፣ ይግላል፣ አንተ ወንበር ላይ ግን ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። ጉድጓድ የሚሞላው በወንበርና በሰብዉፈር ቦታ ብቻ ነው። ከ300 ኸርዝ በላይ ያለውንም ለስፒከሮቹና ለምንጣፉ ተወው። ሪሲቨርህ ከአውዲሲ የስልክ መተግበሪያ ጋር የሚሠራ ሞዴል ከሆነ እርማቱን እዚያ ድረስ ገድበው። አንድ ማይክሮፎን በአንድ ነጥብ ላይ ያየውን የቀጭን ድምፅ መዋዠቅ ሁሉ ማረም፣ ራስህን ትንሽ ባዘነበልክ ቁጥር የሚለወጥ ነገርን ማሳደድ ነው፤ ውጤቱም የተዋናዩን ድምፅ ብረት ብረት የሚያሰኝ ጭረት ይሆናል።

ሶፋውን ከሳብክ፣ ሰብዉፈሩን ካዘዋወርክና አውዲሲን ከደገምክ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በምታውቃቸው ፊልሞች አዳምጠው። የ44ቱ ጉርምርምታ አሁንም ካስቸገረህ ያኔ ሚኒዲኤስፒውን አስብ። ልኬቱን ስታወጣ ከ20 እስከ 300 ኸርዝ ያለውን ክፍል ብቻ አጉልተህ፣ የበሩና የመስኮቶቹ ቦታ ከሚታይበት የሳሎንህ ንድፍ ጋር ላክልኝ፤ ማጣሪያዎቹን አብረን እናወጣቸዋለን።