ካርዱ ተቃጥሏል ከማለታችሁ በፊት፦ የ4ኬ ቲቪና የግራፊክስ ካርድ ጥያቄዎች

ሰሞኑን እዚህ አዳማ ኮምፒውተሩን ከ4ኬ ቲቪ ጋር የሚያገናኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄውም አብሮ በዝቷል። ደህና የግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው የኮምፒውተር ክፍል) «ተቃጥሏል» ተብሎ በርካሽ ሲሸጥ ሳይ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የላካችሁልኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ (ከፍራንኮ)፦ ቲቪው «ኖ ሲግናል» ይላል። በድሮው ሞኒተር ግን ኮምፒውተሩ ደህና ነው። የካርዱ ኤችዲኤምአይ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ ዞር ብለህ ከጀርባ እይ። ኤችዲኤምአይ፣ ማለትም ምስልና ድምፅ ወደ ቲቪ የሚወስደው መሰኪያ፣ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል። ላይኛው፣ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ያለው፣ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ነው። ዝቅ ብሎ ጋደም ያለው የካርዱ ነው። ካርድ ሲገባ ላይኛው አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ገመዱን ወደ ታችኛው አዙረው። ቀጥለህ በሪሞቱ «ሶርስ» ገብተህ ገመዱ የተሰካበትን ቁጥር ምረጥ። አሁንም እምቢ ካለ ሞኒተሩንም ቲቪውንም ካርዱ ላይ ሰክተህ የዊንዶውስን ቁልፍና «ፒ»ን አብረህ ተጫን፤ «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ምስሉ መጣ፣ ግን ማውሱ ይጎተታል። ካርዴ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ነው።

መልስ፦ ካርድህ አልታመመም። ኤችዲኤምአዩ የድሮው ትውልድ፣ 1.4፣ ስለሆነ ነው። እሱ በ4ኬ፣ ማለትም በ3840 በ2160 ነጥብ፣ በሰከንድ 30 ምስል ያሳልፋል። ሙሉው 60 የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 2.0 ጋር ነው፤ ከኤንቪዲያ ካርዶች እንደ ጂቲኤክስ 960 ያሉት አላቸው። ለፊልም 30 ምንም አይል። ለጌም ግን ወደ 1920 በ1080 አውርደህ 60 ላይ አድርገው፤ ያ ካርድ ከባድ ጌም በ4ኬ አይችልም። ካርድህ ዲስፕሌይፖርት (ሌላ ዓይነት የምስል መሰኪያ) ካለው ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር፣ አክቲቭ የሆነ (ምልክቱን ራሱ የሚለውጥ) የ4ኬ 60 መቀየሪያ ፈልግ። ርካሹ ፓሲቭ መቀየሪያ እዚያ አያደርስህም።

ጥያቄ፦ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። በ50 ኢንች ቲቪ ላይ ቀይ ጽሑፍ ስጽፍ ጠርዙ ይሟሟል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን አንድ ስቱዲዮ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ነጩ የሙሽሮች ስም ጥርት ብሏል። ከሥሩ ያለው ቀይ ቀን ግን ውሃ የነካው ቀለም ይመስላል። ምክንያቱ 4፡2፡0 የሚባለው የቀለም ቁጠባ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ይይዛል፤ ቀለሙን ግን አራት ነጥቦች ይካፈሉታል። ስለዚህ ነጭ አይጎዳም፣ ቀይ ይፈስሳል። ቲቪው ላይ የመግቢያውን ስም «ፒሲ» በይው። ሳምሰንግ ከሆነ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ ከሆነ «ዲፕ ከለር» የሚለውን ክፈቺ። ከዚያ በካርዱ ሴቲንግ ቀለም የማይቆጥበውን «አርጂቢ» እና 8 ቢት ምረጪ። «ሻርፕነስ»ንም ቀንሺው። ደግሞ አደራሽን፣ «ቪቪድ» ላይ ሆነሽ ቀለም አታስተካክዪ። የሙሽራዋ ፊት ሌላ ቲቪ ላይ ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የዊንዶውስ ታችኛው መስመር አይታየኝም፤ ተቆርጧል።

መልስ፦ ቲቪው ምስሉን ለጥጦት ነው። በፒክቸር ሳይዝ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» በለው። አለቀ።

ጥያቄ፦ በየአምስት ደቂቃው ሁለት ሰከንድ ጨልሞ ይመለሳል። ገመዴ 10 ሜትር ነው።

መልስ፦ በሰከንድ ከ60 ምስል ወደ 30 አውርደህ አንድ ሰዓት ተጠቀምበት። መጨለሙ ከቆመ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ገመዱን ነው። 4ኬ በ60 እስከ 18 ጊጋቢት በሰከንድ የሚሸከም ገመድ ይፈልጋል፤ ተራ የመዳብ ገመድ ደግሞ በረዘመ ቁጥር ይደክማል። ሲፒዩውን አስጠግተህ በሦስት ሜትር ገመድ ሞክር።

ጥያቄ፦ ጌም ስጫወት ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል።

መልስ፦ የአዳማን ነፋስና አቧራ ታውቀዋለህ፤ ካርዱ በአቧራ ሲታፈን ከልክ በላይ ይሞቅና ሊጠፋ ይችላል። ካርዱን አውጥተህ በብሩሽና በንፋስ መንፊያ አጽዳ። የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዝ፤ በንፋስ በኃይል ከዞረ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ የልጄን ሲፒዩ ስነካ ይነዝረኛል። ባለፈው ልጁ ገመዱን ሲሰካ ብልጭ አለና የቲቪው መሰኪያ ሞተ።

መልስ፦ እናቴ፣ ከሁሉም ያስጨነቀኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ ያጣሩትን ወደ መሬት ይልካሉ። የኧርዝ ሽቦ ከሌለ ግን ብረቱ ሳጥን ላይ የ220 ቮልቱ ግማሽ ያህል ሊቀመጥ ይችላል። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ቲቪው ደግሞ በዲሽ ገመድ ከጣሪያው ብረት ጋር ተገናኝቷል። ልጁ ሁለቱን ሲያገናኝ ያ ሁሉ ከ5 ቮልት በላይ በማይፈልገው ኤችዲኤምአይ በኩል አለፈ። ከእንግዲህ የሁለቱንም ስፒና፣ የዲሹንም ገመድ ይንቀሉ፤ ኤችዲኤምአዩን ይሰኩ፤ ከዚያ ሁለቱን ኧርዝ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ያብሩ። ስታቢላይዘር ይሄን አይፈታም። ጠንከር አድርጎ ከነዘረዎት ግን ካፓሲተር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የተላጠ ሽቦ ሳጥኑን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ እንዳይነካው ያድርጉ፤ ቲቪውን ይተዉትና ነገ ጠዋት ኤሌክትሪሺያን ጠርተው የቤቱን ኧርዝ ያሠሩ።